ፌስታል ሙሉ ደብዳቤ፦ «አዋርድስ ፎር ኦል» የሚባለውን ግራንት ሞክረን ያየነው

እማማ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ደብዳቤ ነው። ግማሹ ገና አልተከፈተም። የመብራቱ፣ የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር)፣ የሆስፒታሉ፣ ቡናማው የቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) ፖስታ፣ በመሀል የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ሳይቀር አለበት፤ የቱ እንደሚጣል የቱ እንደሚቀመጥ ስለማያውቁ በር ሥር የወደቀውን ሁሉ ለወራት ሲሰበስቡ ቆይተው ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ እስቲ የሚያስፈራውን ለዪልኝ» አሉኝ። መጀመሪያ የከፈትኩት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበር። ቀኑ ካለፈ 3 ሳምንት ሆኖታል።

ለንደን ነው ይሄ የሆነው። እሳቸውም ትናንት የመጡ ሰው አይደሉም፤ እዚሁ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄዱ፣ ጎረቤት የለም፣ ቋንቋው ከሰላምታ አያልፍም፣ ቤቱ ይበርዳል፣ ማሞቂያ ለመክፈት ደግሞ ሂሳቡ ያስፈራል። እኔ ድህነትና መገለል አንድ ላይ ተቀምጠው ያየሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያኔ በአንዷ ሳሎን ቡና እያፈላን የምንሰበሰብ 7 ሴቶች ነበርን። ደብዳቤ የሚያነብላቸው የሚፈልጉ እናቶች እየበዙ ሲመጡ ሳሎኑ ጠበበን፤ ገንዘብ ፍለጋ የወጣነውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ያለፍንበትን እንዳለ ልጽፈው።

አዋርድስ ፎር ኦል ማለት ከብሪታኒያ ሎተሪ የሚገኘውን ገንዘብ የሚያከፋፍለው ናሽናል ሎተሪ ኮሚዩኒቲ ፈንድ ለትንንሽ ማኅበራት የሚሰጠው ግራንት ነው። ከ300 እስከ 20 ሺህ ፓውንድ መጠየቅ ይቻላል፤ ጣሪያው እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ 10 ሺህ ነበር። የምትሠሩት ሥራ እስከ 2 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ማመልከቻው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነ «ቀኑ አለፈ» ተብሎ የሚቀር ሰው የለም። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ቢግ ሎተሪ ፈንድ ይባል ስለነበር የቆዩ ሰዎች አሁንም «ቢግ ሎተሪ» ሲሉ ትሰማላችሁ። የምናገረው ስለ ኢንግላንዱ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አላቸው።

ቀድመን የሞከርነው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ፋውንዴሽን «ድህነትን ለሚዋጉ ማኅበራት» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፣ እኛም ሦስት ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብለን ሞላን። የ3 ዓመት ዕቅድ ይላል፣ በኦዲተር የታየ ሂሳብ ይላል፣ የውጤት መለኪያ ሠንጠረዥ ይላል። በስንት ወሩ የሁለት መስመር ኢሜይል መጣ፤ አይሆንም። ምክንያቱ አልተጻፈም። ከመካከላችን አንዷ ስልኩን መልሳ እየሰጠችኝ «እነሱ የሚፈልጉት እኛን አይደለም» አለች። ይቺ አነጋገሯ ለረጅም ጊዜ ከጆሮዬ አልወጣችም። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

የአዋርድስ ፎር ኦል ዋና ጥሩነት እዚህ ላይ ይታያል። የተመዘገበ ቻሪቲ (የበጎ አድራጎት ድርጅት) መሆን ግዴታ አይደለም። የተጻፈ ደንብ፣ ኮሚቴና በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ አካውንት ያለው ትንሽ ማኅበር ማመልከት ይችላል። ገና የተቋቋመ ከሆነም የዓመት ሂሳብ ስለሌለው ብቻ አይባረርም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ገቢና ወጪ ግምት ያቀርባል።

ፎርሙ ላይ «ገቨርኒንግ ዶክመንት» የሚል ስታገኙ አትደንግጡ። መተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው በቃ። እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል! እኛ ጋ አንዲት እናት አለች፣ አዲስ አበባ ሳለች ለዓመታት የእድር ገንዘብ ያዥ የነበረች፤ እሷ ተናገረች እኔ ጻፍኩ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ በስንት ጊዜ ይሰበሰባል፣ ስንት ሰው ሲገኝ ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል፣ ማን ይፈርማል፣ አባል እንዴት ይገባል እንዴት ይወጣል። በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ያከራከረን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ቢፈርስ የቀረው ንብረት ወዴት ይሂድ የሚለው። እሷ «ለአባላቱ ይከፋፈላል» አለች፣ በእድር ልማድ። እዚህ እንደዚያ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ሌላ ማኅበር መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ ለትርፍ የተቋቋመ ይመስላል። አስተካከልነው።

የሚቀጥለው ከባድ ነበር። ኮሚቴው ውስጥ የማይዛመዱ ሰዎች መኖር አለባቸው። ባልና ሚስት፣ እህትና ወንድም፣ አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እንደ አንድ ነው የሚታዩት። ማመልከቻው ላይ በኃላፊነት ስማቸው የሚገባው ሁለት ሰዎችም መዛመድ የለባቸውም፣ የባንኩ ፈራሚዎችም እንደዚያው። የኛ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ደግሞ እህትማማቾች ናቸው። ታናሿን «ቦታሽን ልቀቂ» ማለት ነበረብን። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አለችና እንባዋ መጣ። የሷ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ሕጉ ለሁሉም እንዲህ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ። እናንተ ገና የምትጀምሩ ከሆነ ኮሚቴ ስትመርጡ ይሄን ከመጀመሪያው አስቡበት፤ በኋላ የሰው ልብ ይሰበራል።

ስም ሌላ ጣጣ ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዷ ፓስፖርቷ ላይ እስከ አያት ተጽፏል፣ ባንክ ላይ እስከ አባት ብቻ ነው፣ የመብራት ሂሳቧ ላይ ደግሞ የአባቷ ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ «ጸ»ዋ «ቲ ኤስ» መሆኗ ቀርቶ «ኤስ» ብቻ ሆናለች። የሌላዋ የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንዱ ወረቀት አንድ ዓመት ቀርቷል። ፎርሙ የኃላፊዎቹን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የቤት አድራሻ ስለሚጠይቅ ሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ማመልከቻውን አትላኩ። የማኅበሩም ስም እንደዚያው፤ ደንቡ ላይ፣ ባንኩ ላይና ፎርሙ ላይ ፊደሉ ሳይዛነፍ አንድ ይሁን።

ባንኩን ሳነሳ አሁንም ደሜ ይፈላል። የመጀመሪያው ባንክ (ስሙ ይቅር) ለማኅበር አካውንት ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ሦስታችንን ከሥራ አስቀርቶ፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ካስቀመጠን በኋላ «ይሄ በኦንላይን ብቻ ነው» አለን። በኦንላይን ሞላን። ደብዳቤ መጣ፤ የሰብሳቢዋ አድራሻ አልተረጋገጠም። ላክን። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ የማኅበሩ ሥራ ግልጽ አይደለም። በመጨረሻ ያለ ምንም ማብራሪያ ዘጉት። ሁለተኛው ባንክ ጋ ተሳካ፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስቆጥረው 5 ወር ሄዷል። ለአምስት ወር እነዚያ እናቶች ፌስታላቸውን ይዘው ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ግራንት ከማሰባችሁ በፊት አካውንቱን ክፈቱ። ከሁሉ ረጅሙ መንገድ እሱ ነው።

«ሎተሪ» የሚለው ስም ሲነሳ ደግሞ ክፍሉ ጸጥ አለ። «የቁማር ብር ነው?» አለች አንዷ። ከኛ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለች፣ ሙስሊም አለች፣ ጴንጤ አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ትኬቱን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ያው የቸገረው ሰው ነው ያለችም አለች። የማውቀውን ነገርኳቸው። የብሪታኒያ ናሽናል ሎተሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ለበጎ ተግባር ተብሎ ከሚቀመጠው ገንዘብ 40 በመቶው በዚህ ፈንድ በኩል ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለአካባቢና ለቻሪቲ ሥራ ይውላል፤ የቀረውን ስፖርት፣ ኪነ ጥበብና ቅርስ እኩል ይካፈሉታል። ከዚያ ዝም አልኩ፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ረጅም ወሬ ሆነ። በመጨረሻ መላውን ያመጡት ፌስታል ይዘው የመጡት እማማ ናቸው። «ከነሱ የሚመጣው ለቤት ኪራይና ለአስተማሪ ይሁን። አፋችን የሚገባው፣ ቡናውም ዳቦውም፣ ከኛው መዋጮ ይሁን» አሉ። በዚህ ተስማማን። ከኛ ውስጥ ሁለት ሴቶች አልተቀበሉትም፣ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ፣ ይሄም በቃለ ጉባኤው ተጽፏል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይመጣሉ፤ ዳቦውን ብዙ ጊዜ የምትጋግረው አንዷ ናት። የናንተ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሳትሸፋፍኑ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። በኦንላይን ነው፣ ጀምራችሁ አስቀምጣችሁ በሌላ ቀን መቀጠል ትችላላችሁ። ዋናው ጥያቄ ምን ልትሠሩ ነው የሚል ነው፣ ቃላቱም የተገደቡ ናቸው። መጀመሪያ የጻፍነው «ድህነትን በመቅረፍና ማኅበራዊ ፍትሕን በማስፈን» ብሎ ይጀምር ነበር። መልሰን ስናነበው ማን ምን እንደሚያደርግ አንድም ቦታ አይታይም። ሰርዘን ስለ ፌስታሉ ጻፍን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት አንድ የሞቀ ክፍል እንከፍታለን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ይነበባል፣ ሌላው ላይ እንግሊዝኛ እንማራለን፣ ጥጉ ላይ ልጆች ይጫወታሉ። ይሄው ነው።

የሚመዝኑት ሌላው ነገር፣ ሐሳቡ ከማኅበረሰቡ መምጣት አለመምጣቱን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማኅበር ይወድቃል ብዬ አስባለሁ፣ ኮሚቴው ብቻውን አስቦ ስለሚጽፍ። እኛ ቡና ላይ ዞረን ጠየቅን። የምግብ እርዳታ የሚሉ መስሎን ነበር። አብዛኞቹ ያሉት ግን «ሐኪም ቤት የሚያደርስ እንግሊዝኛ» ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ የተጀመረው ከሰላምታ ሳይሆን ከሕመም ነው። ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያዞረኛል። «ይቆረጥመኛል»ን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አስተማሪዋና አሥር እናቶች አንድ ሙሉ ቅዳሜ ታገሉ፤ አንዷ ጉልበቷን ይዛ፣ ሌላዋ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደሚብስ በእጇ እያሳየች። የዚያን ቀን የክፍሉ ድምፅ ደስ ሲል!

የጠየቅነው 9 ሺህ 390 ፓውንድ ነው። ለ40 ቅዳሜዎች የአዳራሽ ኪራይ 3 ሺህ፣ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ 2 ሺህ 400፣ ለልጅ ጠባቂ 1 ሺህ 800፣ ለ8 ታብሌቶች 1 ሺህ 200፣ ለኢንሹራንስ 150። የቀረው 840 ፓውንድ የ6 በጎ ፈቃደኞች የአውቶቡስ ሂሳብ ነው። ይቺን መጨረሻ ያልኳትን ኮሚቴው ሊያወጣት ነበር፣ «ለአውቶቡስ ብር መጠየቅ ያሳፍራል» ተብሎ። አያሳፍርም! ያኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ደርሶ መልስ 3 ፓውንድ ከ50 ነበር። ቢሮ የምታጸዳ ሴት ቅዳሜዋን በነፃ ስትሰጥ ከኪሷ ደግሞ እንድትጨምር መጠበቅ ልክ አይደለም። እኛ ሀበሾች ይሉኝታ ስለሚይዘን እውነተኛውን ወጪ ደብቀን ትንሽ እንጠይቅና በመሀል ሥራው ይቆማል። የሚያስፈልገውን ጻፉ፣ ዋጋውን አጣርታችሁ ጻፉ።

መልሱ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ለመስከረም የምታስቡትን በሐምሌ አትጠይቁ፤ ያውም ቀድማችሁ ያወጣችሁትን ወጪ አይከፍሉም። የኛ ተፈቀደና ገንዘቡ አካውንቱ ውስጥ ሲገባ ገንዘብ ያዣችን ስልኳን ይዛ እየዞረች ለሁሉም አሳየች። አዳራሹን ተከራየን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡና ስንቆላ የጭስ ደወሉ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ ቡናው ቤት ተቆልቶ ነው የሚመጣው።

ለውጡን በደብዳቤው ጠረጴዛ ልንገራችሁ። አንዲት እናት የጡረታ ገቢያቸው ትንሽ ስለሆነ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለው ድጎማ ይገባቸው ነበር፤ እንዳለ እንኳ ሰምተው አያውቁም። አብረን ደወልን። ብሩ ብቻ አይደለም፣ እሱን ያገኘ ሰው ሌሎች ድጎማዎችም ይከፈቱለታል። ሌላዋ የቤት ኪራይ ውዝፍ ደብዳቤ ለሦስት ወር ሳትከፍት ይዛ ነበር፤ ያን ቀን ባይከፈት ኖሮ ቀጣዩ የፍርድ ቤት ይሆን ነበር። እማማስ? አሁን ደብዳቤ በመጣ ቀን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፤ የዓይን ቀጠሯቸውንም እንደገና አስይዘን ሄደውበታል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። በዚህ አገር ያለ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፣ በነፃም ቢሆን። እኛ ደብዳቤውን እናነብላቸዋለን፣ ከዚያ ፈቃድ ወዳለው አማካሪ እንልካለን። ከልጆችና ከአቅመ ደካሞች ጋር ለምትሠሩም እነሱን ከጉዳት የምትጠብቁበት ፖሊሲ በጽሑፍ ያስፈልጋችኋል።

ያልወደድኩት አለ። ገንዘቡ ያልቃል። እናት ደግሞ በ40ኛው ቅዳሜ አትጨርስም። አንዴ የሞቀውን ክፍል የለመደች ሴት «ገንዘቡ አለቀ፣ ወደ ቤትሽ» ስትባል ከበፊቱ ይብስባታል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ፎርሙም እንግሊዝኛ ነው፤ በኛ በኩል እንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ ያደረሰ ማኅበር ያገኛል፣ ያላደረሰው ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በጣም የሚቸገረው ያ ያላደረሰው ነው። ለጥያቄ የሚደወልበት ስልክ አላቸው፣ እሱን ተጠቀሙበት። ከዚህ ሌላ፣ ይሄ ግራንት ኪራይ አያወርድም፣ ደሞዝ አይጨምርም። ለዚያ ዓይነቱ፣ የድህነትን ሥር ለሚነካ ሥራ፣ ለንደን ውስጥ ትረስት ፎር ለንደንን የመሰሉ ሌሎች አሉ፤ ግን ለጀማሪ ማኅበር ይከብዳሉ።

ሁልጊዜ የምጠየቀውን ልመልስ። ሀገር ቤት ላለ ፕሮጀክት? አይሆንም፣ ገንዘቡ እዚሁ ለሚሠራ ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ? ለአካባቢው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነ ሥራ ከሆነ ማመልከት ይችላል፣ ሃይማኖት ለማስፋፋት ግን አይሰጥም። ግለሰብ? አይችልም። «ከሚፈቀደው ላይ ፐርሰንት ስጡኝና እኔ እጽፍላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣስ? በሩን አሳዩት። ማመልከት ነፃ ነው፣ ፈንዱም ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው የሚከፈል ገንዘብ አይሸፍንም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የጎደለችው አንዷ ለገንዘቡ ማለቅ ናት። የኛው እስከ ሰኔ ያደርሰናል። ሁለተኛውን ማመልከቻ ጀምረናል፤ አሁን ለ2 ዓመት ነው የምንጠይቀው፣ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ በሳምንት ግማሽ ቀን ደሞዝ የሚከፈላት አንዲት ሴት እንድትኖርም ጨምረንበታል። ረቂቁ ሰብሳቢዋ ጋ ነው፣ ቅዳሜ ቡና ላይ ጮክ ብለን እናነበዋለን።